ያለ ተቃውሞ ጸድቋል

ግጥም የሚገጠመው ሁልጊዜ ጦር ለያዘ ጀግና ነው። ዛሬ እስቲ ማይክ የያዘውን እናወድስ።

የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን ይባላል። በአሜሪካ ከተሞች ሞልቷል። ስሙ ከከተማ ከተማ ይለያያል እንጂ ግብሩ አንድ ነው። ከተማው ለአረጋውያን መጓጓዣ፣ ቤት ላጡ ሰዎች መጠለያ፣ ለወጣቶች የምክር አገልግሎት ብሎ ገንዘብ ይመድባል። ሥራውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አይሠራውም። ከግብረ ሰናይ ድርጅቶች ጋር ይዋዋላል። ኮሚሽኑ ደግሞ ማን ምን ወሰደ፣ ምን ሠራበት ብሎ ያያል። ማየት ስል፣ በቃ ማየት።

አባላቱ ብዙ ጊዜ የከተማው ምክር ቤት የሚሾማቸው ነዋሪዎች ናቸው። አብዛኞቹ ደመወዝ የላቸውም። ቀን ሥራ ውለው፣ ማታ ከልጆቻቸው ላይ ሰዓት ሰርቀው ይመጣሉ። እዚህ ላይ አልቀልድም፤ ሰዎቹ ክብር ይገባቸዋል። እኔ ላወድስ የተነሳሁት ልማዱን ነው። አንድ ቅን ሰው «ይሄን ነገር አስተካክላለሁ» ብሎ ገብቶ፣ ዓመት ሳይሞላው «ሪፖርቱ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ማለት የሚለምድበትን ያንን ድንቅ ልማድ።

ከወረቀቱ እንጀምር። የካሊፎርኒያን ሕግ ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ የሕዝብ አካላት በራቸውን ከፍተው እንዲሰበሰቡ ያዛል። የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳም ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት። ግሩም ሕግ ነው። አጀንዳው ይለጠፋል። ከአጀንዳው ኋላ ግን አባሪ አለ። ከአባሪው ኋላ የአባሪው ሠንጠረዥ አለ። ሠንጠረዡን ለማንበብ ስልኩን አግድም መያዝ፣ ከዚያ ማጉላት፣ ከዚያ የቱ ዓምድ ጋ እንደነበሩ መርሳት ያስፈልጋል። እንግዲህ በ72 ሰዓት ውስጥ ሥራ አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ የልጅ የቤት ሥራ አለ። ታዲያ አባሉ መቼ ያነባል? በሊፍት ውስጥ። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ስብሰባው አዳራሽ ባሉት ፎቆች መካከል ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርጎ የሦስት ወር አፈጻጸም የሚጨርስ ሰው፣ እኔ እንጃ፣ ሌላ የት ይገኛል?

አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ይህን ችግር በአንድ ጊዜ የሚፈታ ጥበብ ይጠብቀዋል። ሳይወያዩበት በጅምላ የሚጸድቅ ዝርዝር አለ። ያለፈው ቃለ ጉባኤ እዚያ ውስጥ ይገባል። የሩብ ዓመቱ ሪፖርቶች ይገባሉ። አንዳንዴ የውል ማራዘሚያም ተደብቆ ይገባል። ሰብሳቢዋ «ከዝርዝሩ ተነጥሎ ይታይልኝ የምትሉት አለ?» ትላለች። ዝም። የውኃ ጠርሙስ ክዳን ሲከፈት ይሰማል። «አቀርባለሁ።» «እደግፋለሁ።» «ተቃውሞ? ድምፀ ተአቅቦ?» አለቀ። ስንት ድርጅት፣ ስንት ፕሮግራም፣ ስንት ሺህ ሰው፣ ሁሉም አንድ ጠርሙስ ውኃ ሳያልቅ።

የምር እጅ በአፍ የሚያስጭነው ግን ቆጠራው ነው። በዚህ ሙያ ሰው አይቆጠርም፣ «የአገልግሎት ክፍል» ነው የሚቆጠረው። አንድ ጉዞ አንድ ክፍል ነው። አንድ የምክር ሰዓት አንድ ክፍል ነው። «መረጃና ጥቆማ» የሚባል ደግሞ አለ፤ ስልክ አንስቶ ለደዋዩ የሆነ ነገር መንገር ማለት ነው። የቱ ነገር እንደሆነ ውሉ ብዙም አይጨነቅም።

አንዲት አዛውንት እናት እናስብ። ለሐኪም ቀጠሯቸው መኪና ይፈልጋሉ። ይደውላሉ። «እማማ፣ ለጊዜው ሞልቷል፣ ተራ እንይዝልዎታለን» ይባላሉ። መረጃ ተሰጣቸው፤ አንድ። በሳምንቱ ይደውላሉ። «ተራዎ ገና ነው።» ሁለት። በሦስተኛው «ይሄ ሌላ ድርጅትም ይሠራል፣ ቁጥሩን ይጻፉ» ይባላሉ። ይሄማ ጥቆማ ነው፤ ሦስት። ሌላኛው ድርጅት ጋ ሲደውሉ «በእርስዎ ሰፈር የሚሠሩት እነሱ ናቸው» ብሎ ወደ መጀመሪያው ይመልሳቸዋል። እሱም ውል አለው፣ እሱም ይቆጥራል፤ አራት። እማማ ከወንበራቸው ሳይነሱ አራት አገልግሎት አገኙ። ሐኪሙ ጋ አልደረሱም። ሐኪሙ ጋ መድረስ ግን ሠንጠረዡ ላይ ዓምድ የለውም።

«ተደጋግሞ የተቆጠረ ሰው እንዳይኖር» የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ አለ፤ እንዲያው አልፈው እንዳያሙን። ለዚያም ሶፍትዌር ተገዝቷል። ሶፍትዌሩ አንድን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጥራል፣ ስሙ በአንድ ዓይነት ፊደል ከተጻፈ። የእማማን ስም አንደኛው ድርጅት በአንድ ኤስ፣ ሁለተኛው በሁለት ኤስ ጽፎታል። ስለዚህ እማማ ሁለት ሰው ናቸው። በሁለት ሰውነታቸውም መኪና አላገኙም።

እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሰው ቻርልስ ጉድሃርት እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ ያነሳው ነገር ነበር። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው በአጭሩ ነው፦ መለኪያ ራሱ ግብ ሲሆን መለካቱን ያቆማል። ሰውዬው ያሰበው ስለ ባንክ ነበር። አንድ ሩብ ዓመት ኮሚሽን ስብሰባ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ምን ሊጽፍ እንደሚችል ሳስብ እደነግጣለሁ።

የገንዘቡም ጥበብ አይረሳ። እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ለከተሞች የሚሰጠው የማኅበረሰብ ልማት ድጎማ አለ። ከተሞች ለማኅበራዊ አገልግሎት ከሚጠቀሙባቸው ምንጮች አንዱ ነው። ደንቡ ጣሪያ አለው። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውለው በአጠቃላይ ከ15 በመቶ አይበልጥም። ለዕቅድና ለአስተዳደር የሚውለው ደግሞ ከ20 በመቶ አይበልጥም። የቀረው ለቤት፣ ለመንገድና ለመሳሰለው ግንባታ ነው። በእርግጥ ሁለቱም ጣሪያ ናቸው እንጂ ግዴታ አይደሉም። ቢሆንም ያስቡት እስቲ፤ አዛውንቷን የሚያመላልሰው ጣሪያ፣ እሳቸውን ስለ ማመላለስ ከሚያቅደው ጣሪያ ዝቅ ይላል። ማቀድ ቁመት ይፈልጋል መሰለኝ።

ድርጅቱ ይህን ብር የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ካወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ከኪሱ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይሰበስባል፣ መጠየቂያ ይሞላል፣ ይጠብቃል። ትልቅ ድርጅት ይጠብቃል፤ ተጠባባቂ ገንዘብ አለው። ሁለት ሠራተኛና አንድ አሮጌ መኪና ያለው ትንሹስ? እሱ መጠየቂያው «አባሪው ላይ ቀን ጎድሏል» ተብሎ ሲመለስለት፣ ያንን ቀን የሚሞላለት ሹፌሩ ነው። ሹፌሩ ፎርም ሲሞላ ማን እንደሚነዳ አይጠይቁኝ። ፎርሙ ግን አሁን ሙሉ ነው።

ኮሚሽኑ ወረቀት ላይ ብቻ ተኝቷል የሚል ካለ ደግሞ የመስክ ጉብኝቱን አላየም። ጉብኝት አለ። ቀኑ ቀደም ብሎ በኢሜይል ይነገራል። በዕለቱ ኮሪደሩ ቀለም ቀለም ይሸታል። ግድግዳው ላይ የተገልጋዮች መብት ተለጥፏል፤ የተለጠፈበት ፕላስተር ገና ነጭ ነው። ዳይሬክተሯ ፈገግ ብላ ትቀበላለች። አባላቱ የእሳት ማጥፊያውን ያያሉ። የመዝገብ ቁም ሣጥኑ መቆለፉን ያያሉ። አንዱ መያዣውን ሳብ አድርጎ ያረጋግጣል፤ ተቆልፏል፤ ሁሉም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ አንድ ተገልጋይ ይቀርባል። ባለፈው ጉብኝትም የቀረበው እሱ ነው። «አገልግሎቱ እንዴት ነው?» «በጣም ጥሩ ነው።» ዳይሬክተሯ አጠገቡ ቆማለች። ማስታወሻ ይያዛል። በሩ ላይ ያለው ስልክ በዚህ ሁሉ መሃል ሁለት ጊዜ ጠርቶ ጠፍቷል። ስልኩ ማረጋገጫ ቅጹ ላይ ስለሌለ ማንም ዞር አላለም።

ጆሮ ያለው አባል አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ መቼም የትም አይጠፋም። «ይሄ ድርጅት ለሁለተኛ ዓመት ግቡን አልመታም፣ ለምን ውሉ ይታደሳል?» ብሎ ይጠይቃል። አዳራሹ ጭር ይላል። የከተማው ባለሙያ ጉሮሮውን ጠርጎ «የማስተካከያ ዕቅድ እንዲያቀርብ ተጠይቋል» ይላል። ዕቅዱ ይቀርባል። ዕቅዱ በሰዓቱ መቅረቡ ራሱ እንደ መሻሻል ይመዘገባል። ከኋላው ያለውን እውነት ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ በዚያ ሰፈር ለዚያ ሥራ ጨረታ የገባ ሌላ ድርጅት የለም። ውሉ ቢቋረጥ ተራ የሚይዝልዎትም አይኖርም። ይሄንን ጮክ ብሎ የሚናገር ቢኖር ኖሮ ስብሰባው ስለ ቁም ነገር መሆኑ ነበር። ደግነቱ አጀንዳው ላይ የለም።

ለነገሩ የሚወስነውም ኮሚሽኑ አይደለም። ኮሚሽኑ የሚመክር አካል ነው። ይመክራል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። ምክር ቤቱ ሲጠየቅ «ኮሚሽኑ አይቶት ነው የመጣው» ይላል። ኮሚሽኑ ሲጠየቅ «የመጨረሻው ውሳኔ የምክር ቤቱ ነው» ይላል። ባለሙያው ሲጠየቅ «ሁለቱም አጽድቀውታል» ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። ኃላፊነት እንዲህ ሳይሰበር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማየት የቅብብል ሩጫ አሠልጣኝን ያስቀናል።

ተሳትፎውስ? እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የአሜሪካ የኢኮኖሚ ዕድል ሕግ፣ ድህነትን ለመዋጋት በሚሠሩ ፕሮግራሞች ውስጥ ድሆቹ ራሳቸው የሚቻለውን ያህል እንዲሳተፉ ብሎ ነበር። ከዚያ የተወለዱት ቦርዶች አንድ ሦስተኛ ወንበራቸው የተመራጭ ባለሥልጣናት፣ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ደግሞ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን የሚወክሉ ሰዎች ነው። በአንዳንድ ከተማ ኮሚሽኑ ራሱ ይህን ቦርድ ሆኖ ይሠራል። ወንበሩ ታዲያ አለ። በጣም ምቹ ወንበር ነው። የስም ሰሌዳው ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ይጻፋል። ማታ የሚሠራ ሰው በማታ ስብሰባ ላይ ለምን እንደማይገኝ ለማጥናት ንዑስ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ የሚሰበሰበው ማታ ነው።

ባለፈው ግን አንድ ሰው መጣ። እማማ መጡ። ያመጣቸው ጎረቤት ነው፣ በገዛ መኪናው። በሩ ላይ ወረቀት ሞሉ፣ ስማቸው በአንድ ኤስ ተጻፈ። ሦስት ደቂቃ ተሰጣቸው። ጠረጴዛው ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ሆነ። ማይኩ ረዝሞባቸው ነበር፤ አንዱ ተነስቶ ዝቅ አደረገላቸው። «መኪናው አልመጣም» አሉ። ከዚያ ቀጠሯቸው የትኛው ቀን እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደደወሉ፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ እንዴት ጨዋ እንደሆነች ተናገሩ። ልጅቷን ሳያመሰግኑ ማለፍ አልፈለጉም። መብራቱ ቢጫ ሆነ። ስለ ጉልበታቸው ማውራት ጀምረው ነበር ቀይ ሲበራ።

«በጣም እናመሰግናለን» አለች ሰብሳቢዋ፣ ከልቧ። ጉዳዩ አጀንዳ ላይ ስላልነበረ መወያየት አይቻልም፤ ሕጉ ነው። ባለሙያው አንገቱን ደፍቶ አንድ ነገር ጻፈ። በሚቀጥለው ወር ቃለ ጉባኤው ሲወጣ አየሁት። «የሕዝብ አስተያየት፦ 1 ተናጋሪ» ይላል። በጅምላ ከሚጸድቀው ዝርዝር ውስጥ ነበር።