ማስተካከያ፦ በመጨረሻ ወራት የታየ አልትራሳውንድ የመውለጃ ቀን አይቀይርም

ስለ እርግዝና ክትትል ቀደም ሲል በወጣው መረጃ «በ34ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ የተለየ ቀን ካሳየ የመውለጃው ቀን በእሱ ይተካል» የተባለው ይታረም።

በ14 ሳምንት ውስጥ ጽንሱ ከአናቱ እስከ መቀመጫው ሲለካ ቀኑ ቢሳሳት በሳምንት ገደማ ነው። ከ28 ሳምንት በኋላ ግን ልዩነቱ 3 ሳምንት ሊደርስ ይችላል፤ በዚያ ዕድሜ አንዱ ጽንስ ገዘፍ፣ ሌላው ቀጠን ይላልና። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን አይነካም። የኋለኛው ልኬት ካነሰ፣ በተለይ የሆድ ዙሪያው፣ መጠየቅ ያለበት «ዕድገቱ እንዴት ነው?» ተብሎ ነው። ቀኑን ማሸጋሸግ በደንብ ያላደገን ጽንስ ይደብቃል። ክብደቱም ግምት ነው፦ 3,000 ግራም የተባለው 2,600 ወይም 3,400 ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

ሌላው ጣጣ የቀን አቆጣጠር ነው። ከመንዝም ከአንኮበርም ደብረ ብርሃን ለምርመራ የሚመጡ እናቶች የመጨረሻ የወር አበባቸውን በበዓል ቢያስታውሱ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ከግምት ይሻላል። «የአስተርዮ ማርያም ዕለት» ማለት ጥር 21 ነው። የመውለጃውን ቀን ለማግኘት 9 ወር ይደመራል፤ ጳጉሜን ስለሚያልፍ 10 ሳይሆን 5 ቀን ይጨመራል፣ ጥቅምት 26 ይሆናል። ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት ጥቅምት 25 ነው። ማሽኑ የሚቆጥረው ግን በፈረንጆቹ ነው። ጥር 5ኛ ወር ነው ብሎ 21/5 ያስገባ ባለሙያ ሜይ 21 አስገባ ማለት ነው፤ 16 ሳምንት ያህል ጠፋ። ትክክለኛው ጃንዋሪ 29 ነበር። የመጀመሪያው የአልትራሳውንድ ወረቀት በየቀጠሮው ይያዝ።