እንደ ሰው ልጅ ሁን!

ሰፈራችን ሳይመሰገን ይኸው ስንት ዘመኑ። ሀዋሳ ውስጥ ክሊኒክ ሞልቷል። ልጅ ጤነኛ መሆን አለመሆኑን በሁለት ቃል የሚለይ ግን ከእኛ ሰፈር ሌላ አላየሁም። ምርመራው ቡና ላይ ነው። ልጁ ውሃ ሊጠጣ እየሮጠ ሲገባ ይያዛል፣ ጉንጩ ይቆነጠጣል።

"ስንተኛ ወጣህ?"

በቃ፣ ይሄው ነው። ስሙን እንኳን የሚጠይቀው የለም። ከ1 እስከ 3 ከሆነ ይሳማል፣ ፈንዲሻ ይዘገንለታል። ስድስተኛ ከሆነ እናቱ ቀድማ፣ "አሞት ስለነበር እኮ ነው" ትላለች። ሠላሳ አራተኛ ካለ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። አንዷ ስኒዋን ቀስ አድርጋ ታስቀምጣለች። ከዚያ መድኃኒቱ ይታዘዛል፦ "ምናለ እንደ ሰው ልጅ ብትሆን?"

ይሄን አባባል ያወጣ ሰው ሊቅ ነው። የሰው ልጅ ማለት የአዳም ዘር ነው። የሰው ልጅ ማለት የጎረቤት ልጅም ነው። እኛ ሁለቱን አንድ አደረግናቸው። ሰው ለመባል የጎረቤትን ልጅ መሆን ነው። የጎረቤት ልጅም ቤቱ ሲገባ የሚነገረው ይሄው ነው፤ እሱ የሚታዘዝለት የሰው ልጅ ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ይኖራል። ዞሮ ዞሮ የመጨረሻው የሰው ልጅ የእኛው ሠላሳ አራተኛ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

ከምርመራው ነፃ የሆነ አንድ ልጅ ብቻ አለ። በር ላይ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ። ዕድሜው ያው የእነሱ ነው። እሱን የምንጠይቀው ሒሳቡን ነው።

አንድ ተከራካሪ ጎረቤት አለን። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ 900 ሺህ ተማሪ ወስዶ ከ50 በመቶ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ነው፣ ስለዚህ ኖርማሉ ሰው የወደቀው ነው ይላል። ሰውየው ራሱ በልጅነቱ ስንተኛ ይወጣ እንደነበር እያጣራን ነው። መልስ የምንሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔም ከመርማሪዎቹ አንዱ ነኝ፣ አልዋሽም። ሰኔ 30 ቀን የእህቴን ልጅ ፍለጋ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። አራተኛ ክፍል ነው። በአምስት ዓመቱ ጋውን አልብሰን ከኬጂ መርቀነዋል፤ ቆቡ ዓይኑን ሸፍኖት እናቱን አጥቶ ሲያለቅስ የተነሳው ፎቶ አሁንም ሳሎን ተሰቅሏል። ካርዱን አራት አጥፎ ኪሱ ከቶ ጀልባ ጥግ ተቀምጧል። አንድ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እያራገፈ ነበር።

"ይሄ ቆሮሶ ነው" አለኝ ልጁ ሰላም እንኳን ሳይለኝ። "ያ አምባዛ። እየው፣ ቅርፊት የለውም። ለዛ ነው የሚያሙለጨልጨው።"

አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም ወፎች፣ የዓሣ አንጀት እየጠበቁ ዙሪያችንን ቆመዋል። የደከማቸው ዳኞች ይመስላሉ።

"የአባ ኮዳ ራስ ለምን መላጣ እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አርጅቶ?"

"ኧረ! ጥንብ ውስጥ ስለሚያስገባው ነው። ላባ ቢኖረው ደሙ ይደርቅበታላ። እንዴት አድርጎ ይታጠበዋል?"

እኔ ይሄን ሳላውቅ ነው ይሄን ያህል ዓመት ከእነዚህ ወፎች ጋር የኖርኩት። መምህሩም፣ ካርዱም፣ እናቱም ይሄን አልጠየቁትም። እና እኔ፣ አጎት ነኝ የምለው፣ ምን አልኩት?

"እሺ፣ ጎበዝ። ስንተኛ ወጣህ?"

ኪሱን በእጁ ሸፈነው። ትንሽ ቆየና ዓይን ዓይኔን እያየ፣ "ጋሼ፣ አንተስ አራተኛ ክፍል ስንተኛ ነበርክ?" አለኝ።

"እኔማ አሞኝ ነበር" አልኩት።