ስብከቱ ቢያጥርም ማስታወቂያው አይጉደልብን

ሉተራዊነት በማስታወቂያ የጀመረ እምነት ነው። የጀርመኑ የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር በኦክቶበር 31 ቀን 1517 እ.ኤ.አ. 95ቱን ነጥቦች ለጠፈበት የሚባለው የዊተንበርግ ቤተ ክርስቲያን በር የዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ መለጠፊያም ነበር። እንግዲህ ሉተራዊት የሆነችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ማኅበረ ምእመናን (አጥቢያዎች) በየእሁዱ ከመድረክ የሚያወርዱት የማስታወቂያ ናዳ ከአባት የወረደ ነው ብንል ማን ይከሰናል? ልዩነቱ ጥቂት ነው። ሉተር 95 ነጥብ ጽፎ አውሮፓን አናወጠ፤ እኛ ከዚያ የማያንስ አንብበን ከኋላ ወንበር ያንቀላፋውን አጎት እንኳ አልቀሰቀስንም።

የረጅም ንባብም ባለ ታሪክ ነን። ጁን 25 ቀን 1530 እ.ኤ.አ. የሳክሶኒው ቻንስለር ክርስቲያን ባየር 28 አንቀጽ ያለውን የሉተራውያን የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ በንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ፊት ቆሞ ሁለት ሰዓት ያህል አንብቧል። የዚያ መግለጫ ሰባተኛ አንቀጽ ቤተ ክርስቲያን የምትታወቀው ወንጌል በትክክል ሲሰበክና ምሥጢራት በሥርዓቱ ሲሰጡ ነው ይላል። ሦስተኛውን ምልክት፣ ማለትም ማስታወቂያው በሙላት መነበቡን፣ ለእኛ ትውልድ ትተውልን ነው ያለፉት። እኛም አላሳፈርናቸውም።

የማስታወቂያዎች ሁሉ ቁንጮ ከሲኖዶስ፣ ማለትም የአካባቢውን ማኅበረ ምእመናን ከሚያስተዳድረው የበላይ ጽሕፈት ቤት፣ የመጣ ደብዳቤ ነው። ግድ የለሽ ሰው ቢሆን የደብዳቤውን ፍሬ ነገር በሁለት ቃል ነግሮ ያልፍ ነበር። የእኛ አንባቢ እንዲህ ያለ ድፍረት የለውም። ከራስጌው ይጀምራል፤ የጽሕፈት ቤቱን ስም፣ የፖስታ ሣጥኑን፣ የስልኩንና የፋክሱን ቁጥር (ፋክሱ ከተጣለ ስንት ዘመኑ)፣ የደብዳቤውን ቁጥር ከነእዝባሩ፣ ቀኑን ከነዓመተ ምሕረቱ ያነባል። ቀጥሎ “ለ”፣ ቀጥሎ “ጉዳዩ”፣ ቀጥሎ “ከሁሉ አስቀድሞ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ”። ምእመኑ እዚህ ላይ አሜን ይላል፤ አንባቢው አሜኑን ለራሱ ንባብ የተሰጠ ድጋፍ አድርጎ ይወስደውና ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ቁም ነገሩ ያለው ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። እሷን ግን ፈጠን ብሎ ያልፋታል፤ ምክንያቱም ዓይኑ “ግልባጭ” የሚለው ላይ አርፏል። ግልባጩ ካልተነበበማ የሴቶች አገልግሎት ክፍል ደብዳቤው እንደ ደረሰው በምን ያውቃል? ከነማኅተሙ መነበብ ቢችል ኖሮ እንዴት ደስ ባለን።

የአንድ ገጽ ደብዳቤ ንባብ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጥበቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንባቢው “እንግዲህ ደብዳቤው እንደሚለው” ብሎ ያነበበውን ሁሉ በራሱ ቃል ይደግመዋል፤ ሦስቱ ስድስት ሆነ። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ጎን ለጎን በሚሄዱበት ማኅበረ ምእመናን ተርጓሚ አለ፤ ስድስቱ አሥራ ሁለት ሆነ። አራት ደብዳቤ ያለበት እሁድ አርባ ስምንት ደቂቃ መሆኑ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲዘጋጅ የከረመው ሰባኪ ጆሮ ላይ “ሰዓታችን ስለ ሄደ በአጭሩ” የሚል ሹክሹክታ ይደርሳል። በሦስት ነጥብ የከፈለውን ስብከት አንደኛውን ብቻ ተናግሮ “የቀረውን ጌታ በልባችሁ ይናገር” ብሎ ይወርዳል። ጌታ ደብዳቤዎቹን በልባችን ቢናገርልንና ስብከቱን ሰባኪው ቢጨርስ ምን ነበረበት የሚሉ አሉ። እምነት የጎደላቸው ናቸው።

የደብዳቤው ጉዞም ሊመሰገን ይገባዋል። ሲኖዶሱ ወጪ አድርጎ በእሱና በማኅበረ ምእመናኑ መካከል ላለው ሰበካ ይልካል። ሰበካው ገቢ ካደረገ በኋላ እንዲሁ አያስተላልፈውም፤ የራሱ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ሸኚ ደብዳቤ ይጽፍለታል። ማኅበረ ምእመናኑ ዘንድ ሲደርስ እንደገና ገቢ ይሆናል፣ ሰብሳቢው ጥግ ላይ “ለሚመለከተው ክፍል” ብለው ይመሩበታል፣ የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ ለመወሰን የሽማግሌዎች ስብሰባ ይጠበቃል። በዚህ መንገድ አልፎ መድረክ ላይ ሲወጣ ሐሙስ የተጀመረው የወጣቶች ሥልጠና ቅዳሜ ተዘግቷል። ይነበባል እንጂ አይቀርም። “ተሳታፊዎች ብርድ ልብስና መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ እንድትገኙ” የሚለው ቃል ሥልጠናው ካለፈ በኋላ ሲነበብ የሚሰጠው መንፈሳዊ ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ያላየነውን በተስፋ መጠበቅ ሁሉም ያውቃል፣ ያለፈውን በተስፋ መጠበቅ ግን የእኛ ነው። አንዳንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ሰበካው ጋ ይደውልና ሥልጠናው ማለፉን አጣርቶ ለመድረኩ ይነግራል። ይህ ዓይነቱ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሽማግሌ ሆኖ አይመረጥም።

ቦታና ሰዓትን በተመለከተ ያለን ቁጥብነት ደግሞ የገዳም ሰው የሚያስቀና ነው። “የጸሎት ፕሮግራማችን በተለመደው ቀን፣ በተለመደው ሰዓት፣ በተለመደው ቦታ ይካሄዳል።” የለመደው ያውቀዋል፤ ያለመደው ለምዶ ይምጣ። የቤት ለቤት ኅብረቱ “እነ እትዬ ቤት” ነው፤ የትኛዋ እትዬ እንደሆኑ ለማወቅ ቢያንስ አምስት ዓመት ምእመን መሆን ይጠይቃል። ሰዓት የተጠቀሰ እንደሆነም “ስምንት ሰዓት” ማለት ሰው የሚሰባሰበው ዘጠኝ፣ መዝሙር የሚጀመረው ዘጠኝ ተኩል መሆኑን አዲስ ሰው በራሱ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጦ ይማረዋል። ዝርዝሩን የፈለገ “ከማስታወቂያ ሰሌዳው ያንብብ” ይባላል። ሰሌዳው ላይ ያለው ያለፈው ዓመት የትንሣኤ ፕሮግራም ነው፤ መስታወቱ ተቆልፏል፣ ቁልፉን የያዘው ወንድም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል።

ይሁንና በዝርዝር አንታማም። የሕንጻ ማስጨረሻ ገንዘብ ሲሰበሰብ ማየት ነው። ቃል የገባው ሰው ስም ከነአያቱ፣ ከነማዕረጉ፣ ከነሥራ ቦታው ይነበባል፤ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ቅጠል ቆርቆሮ፣ በስንት ወር እንደሚከፍል ሳይቀር ይታወጃል፤ ጭብጨባውም እንደ መጠኑ ነው። አንድ ማሰሮ ማር ለጨረታ ቀርቦ ገበያው በማያውቀው ዋጋ ይሸጣል፤ የገዛው ሰው መልሶ “ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ” ይልና ያው ማር እንደገና ይሸጣል። ሁለት ሳንቲም የጣለችው መበለት በእኛ መድረክ ብትገኝ “ሌሎችም ያቅማቸውን አድርገዋል” በሚለው ውስጥ ትካተት ነበር። ታዲያ ይኸው ስም ጠሪ ሰው ወረቀቱን ገልብጦ ወደ ታመሙት ሲደርስ እንዴት ያለ ትሕትና ይይዘዋል መሰላችሁ! “አንዲት እህታችን ታማለች፤ በጸሎት አስቧት።” የትኛዋ? የት ሆስፒታል? ጠያቂ የሚገባው በስንት ሰዓት ነው? ደም ያስፈልጋታል ወይስ ስንቅ የሚያመላልስላት ሰው? ይህ ሁሉ በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ ነው። ሰውየው የለገሰው አሥር ኩንታል ግን በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳይረሳ ሦስት እሁድ ይደገማል።

ገንዘቡ ሲገባ እንደሚነገር ሲወጣም ይነገር የሚል ጥያቄ አልፎ አልፎ ይነሣል። መልሱ አጭር ነው፤ “በዓመታዊው ጉባኤ ይቀርባል።” በጉባኤው ይቀርባል፤ ከምሳ በፊት፣ ሁሉም ሰው ወጡን እያሸተተ፣ ፎቶ ኮፒው በደበዘዘ ባለ ስድስት ገጽ ሪፖርት። ኦዲተሩ የጻፈው ገጽ ሰባተኛው ነበር።

የዜና ነገር ከተነሣ ሉተራውያን በአዲስ አበባ ምን እንደሠሩ የሚያስታውስ ያስታውሳል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደርግ በ1969 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ ከአዲስ አበባ በአጭር ሞገድ ለአፍሪካና ለእስያ አገሮች ዜና ያሰራጭ ነበር። እኛ ይህን ቅርስ አላዋረድነውም፤ በቴሌግራም አሻሻልነው። የታተመው ማስታወቂያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በጎን በኩል ፎቶ ይነሣል፤ የአንሺው አውራ ጣት ሰዓቱን፣ ማኅተሙ ቀኑን ይሸፍናል። “ይህ መቼ ነው?” ብሎ አንድ ሰው ይጠይቃል። ሃያ ሰባት ሰው “አሜን” ይላል። ከዚያ አገልጋዩ የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይልካል፤ ሦስቱ ሰላምታ ነው። ያ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስያ ይሰማ ነበር፤ የእኛ ማይክሮፎን እየጮኸም አራተኛው አግዳሚ አይደርስ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ አንባቢው ማይኩን እንደ ሻማ ከሆዱ አቅራቢያ ይዞ፣ ድምፅ ማጉያው ፊት ቆሞ ነው የሚያነበው። አፉ ጋ አስጠግቶ ከማጉያው ኋላ ቢቆም ይስተካከል ነበር። ትዕቢት እንዳይመስልበት ነው።

በጀርመንና በኖርዌይ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናትን ሕንጻ ከሰዓት በኋላ ተከራይተው የሚያመልኩ ወገኖቻችንም ልማዱን በስደት ጠብቀውታል። የኪራዩ ሰዓት ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ማስታወቂያው ይጀመራል። የሕንጻው ጠባቂ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ሲቆም “እንግዳችንን በጭብጨባ እንቀበል” ይባላል።

አሁን አሁን ግን አሳሳቢ ነገር ተሰምቷል። ልማዱን የሚያፈርሱ ማኅበረ ምእመናን አሉ። እዚያ ማስታወቂያ ያለው ክፍል እስከ ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በግማሽ ገጽ ጽፎ ለጸሐፊዋ ይሰጣል፤ ጉዳዩ ምንድን ነው፣ የት ነው፣ በየትኛው ቀን ነው፣ ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ፣ ማን ይጠየቅ፣ ይኸው ነው። አርፍዶ የመጣ ለሚቀጥለው እሁድ ያድራል። ከሲኖዶስ የመጣ ደብዳቤ የምዝገባ ቀን ካለው ጸሐፊዋ በመጣበት ቀን ለሚመለከተው ሰው ደውላ ትነግራለች፣ ወረቀቱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል እንጂ መድረክ አይወጣም። የታመመ ሰው ቤተሰቡ ከፈቀደ በስሙ፣ ከሆስፒታሉና ከመጠየቂያ ሰዓቱ ጋር ይነገራል። የሕንጻው ገንዘብ የገባውና የወጣው በየሦስት ወሩ በሁለት ቁጥር ይነበባል። ሁሉም ነገር በአራት ደቂቃ ያልቃል። የሚያስከትለውን ጥፋት አስቡት፤ ሰባኪው ሦስቱንም ነጥብ መዘጋጀት ሊኖርበት ነው! ሽማግሌዎቹስ እሁድ ጠዋት ምን ይዘው መድረክ ይውጡ?

ደግነቱ አብዛኛው ቦታ ሥርዓታችን እንደ ጸና ነው። ሉተር በ1526 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጀርመንኛ ሥርዓተ አምልኮ መዝጊያ ላይ የአሮንን ቡራኬ አስቀምጧል፤ ቡራኬው የአምልኮው ማብቂያ ነው ብሎ ያሰበ ይመስላል። የእኛ ቄስ እጃቸውን ዘርግተው “ሰላምንም ይስጥህ” ሲሉ፣ ሰውም አሜን ብሎ ቦርሳውን ሲያነሣ፣ ከጎን አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትመጣለች። “ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንዳትወጡ! የተረሳ ማስታወቂያ አለ። ከአምልኮ በኋላ ይካሄዳል ብለን ቀድመን ያስታወቅነው የአባላት ስብሰባ ለሚቀጥለው ሳምንት ተላልፏል። ቀኑና ሰዓቱ በሚቀጥለው ሳምንት በማስታወቂያ ይገለጻል።”