«ልጅሽ ተቀብሏል፣ ይበቃሻል»

የደሴ ሰዎች፣ እሑድ እሑድ ነጠላ አጣፍታችሁ ከጎኔ የምትቆሙ እናቶችና እኅቶች፣ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ተቆጥቻለሁ። ደግሞም አፍሬያለሁ።

መናኸሪያው አጠገብ ጀበና ቡና የምትሸጥ ወጣት እናት አለች። ቀድሞ መጠጥ ቤት ትሠራ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሰው ገመና በማወቅ ማን ይችለናል! ንስሐ መግባቷን፣ ቀኖናዋን መፈጸሟን፣ የንስሐ አባቷ «ቁረቢ» እንዳሏት ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያመላልስ የለም።

ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም። እስከ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ሙሉ 18 ሰዓት። ያን ቀን ከሰዓት ስትቆላ፣ ስትወቅጥ፣ ስትቀዳ እኔ ፊቷ ተቀምጬ ነበር። በረካው እስኪወጣ አንድ ሲኒ ሳትቀምስ አጠጣችን። እሑድ ጠዋት ቡናውን ለጎረቤቷ፣ ለአንዲት ሙስሊም እናት ትታ መጣች።

ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ቅጥሩን ሞልቶት ነበር። ሕፃናቱ ቀድመው ሲቆርቡ ልጇን ታቅፋ አቆረበችው። ከዚያ ሴቶቹ ሰልፍ ውስጥ ገባች፣ ልክ ከፊቴ። አንዲት ዕድሜ የጠገቡ እናት ከጎን መጥተው ነጠላዋን ጎተቱት። «ልጅሽ ተቀብሏል፣ ይበቃሻል። አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ!» አሏት። ጮክ ብለው እንኳ አይደለም።

ዞር ብላ አየችን። እኔንም አየችኝ። መሬት መሬት አየሁ። ሌሎቹም እንደዚያው። ልጁን አዘለችና ወጣች። ባዶ የቀረው ቦታዋ አንድ እርምጃ ነበር። ተራመድኩና ገባሁበት።

ከዚያም ቆረብኩ።

እስቲ እንነጋገር። አንድ ኅብስት ነው የሚቆረሰው። ጽዋውም አንድ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እንጀራው አንድ ስለሆነ ብዙዎች ስንሆን አንድ ሥጋ ነን ያለው ለጌጥ ነው እንዴ? ሥጋውን ደሙን የሚቀበል ከክርስቶስ ጋር ብቻ ሳይሆን ከፊቱና ከኋላው ከተሰለፈውም ጋር አንድ ይሆናል። ከእሷ ጋር አልሆንም ብሎ አፍ መክፈት ምን ማለት ነው?

«ሳይገባው የበላ ዕዳ አለበት» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ወጣቱን የምናስፈራራው በእሱ ነው። ቁርባንን ሕፃንና ሽማግሌ ብቻ የሚቀርበው፣ ጡረታ ሲወጣ የሚታሰብ ነገር ያደረግነውም በዚሁ ነው። ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ አንደኛ ቆሮንቶስ 11፣ ጥቂት ከፍ በሉ። ጳውሎስን ያስቆጣው ምን ነበር? አንዱ ሲራብ ሌላው ይሰክራል። ምንም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን ብሎ ነው የሚጠይቀው። ይህችን ሲጠቅስ የሰማሁት ሰው የለም። እኔም ጠቅሼ አላውቅ።

ነጠላዋን የጎተቱት እናት ተሳስተዋል። ግን እሳቸው ላይ ብቻ ጣቴን ብቀስር ውሸታም ነኝ። ከእኅቴ ጋር በእናታችን ቤት ምክንያት ከተኳረፍን 2 ዓመት አልፎናል። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ሲል ግራና ቀኝ እጅ እነሣለሁ። ግራና ቀኜ የቆሙት አልበደሉኝማ! ምን ይከብዳል? እንግዲህ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ነጠላዋን መጎተት የነበረበት ማን ነበር? እኔን ግን ማንም አልነካኝም። ነጠላዬ ንጹሕ ነው፣ ስሜም ደህና ነው።

ከቅዳሴ ወጥቼ፣ እንደ ወጉ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ በመናኸሪያው በኩል አለፍኩ። አፌስ የተሸፈነው ገና ሰልፉ ላይ ነበር። ጎረቤቷ ከጀበናው ቀና አሉና «ልጄ፣ ቆረበችልኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው።

ወገኖቼ፣ በሌላ እምነት ያሉ እናት እንድትቆርብልን እሳት ጠብቀው ዋሉ። እኛ፣ አንድ ጽዋ የምንጋራው፣ ከደጁ መለስናት። ወሎ ተከባብሮ፣ ተዋዶ የሚኖርበት አገር ነው እያልን እንግዳ ፊት ስንመጻደቅ እኚያን እናት አስታውሱልኝ።

ለንስሐ አባቴ ተናገርኩ። መጀመሪያ ከእኅትሽ ታረቂ አሉኝ። ደወልኩላት። አንዴ አነሳችና «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ዘጋችው። እንደገና እደውላለሁ።

እናንተም እባካችሁ። ከፊታችሁ የቆመውን ማን እንደሆነ አትመርምሩ፤ ቄስ አለው፣ ንስሐ አባት አለው። ስትገፋ ያያችሁ ደግሞ እንደ እኔ መሬት አትዩ። ትለወጣላችሁ ብዬ ብዙ አልጠብቅም፤ ራሴን ስላወቅሁት ነው።

ባለፈው እሑድ መጥታ ነበር። ቅጥር ግን አልገባችም። ልጁን አዝላ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ወጥቼ አጠገቧ ቆምኩ። አላናገረችኝም፣ እኔም ቃል አጣሁ። ልጁ ከጀርባዋ እጁን ዘርግቶ ነጠላዬን ይጎትት ነበር።