ማስተካከያ፦ የታይም-ላይፍ ሕንፃ የዋልነት በርጩማዎች

እ.ኤ.አ. በ1960 ለኒውዮርኩ የታይም-ላይፍ ሕንፃ እንግዳ መቀበያ የተነደፉትን በርጩማዎች «የቻርልስ ኢምስ ሥራ፣ ዋልነት የተለበጠ ኮምፔንሳቶ» ብለናቸው ነበር። ሁለቱም ስሕተት ነው። ነዳፊዋ የአሜሪካዊው የቤት ዕቃ ነዳፊ የቻርልስ ባለቤት ሬይ ኢምስ ናት፤ እንጨቱም በቶርኖ የተቀረጸ ድፍን ዋልነት ነው። ሦስቱ ዓይነቶች የሚለዩት በወገባቸው ብቻ ነው፤ ላይና ታቹ እኩል ጎድጎድ ስላለ ተገልብጦም ይቀመጡበታል። (ለዚያው ሕንፃ የተነደፈው ቆዳ ለበስ ወንበር ግን የባልና ሚስቱ የጋራ ሥራ ነው፤ አሜሪካዊው የቼዝ ተጫዋች ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1972 ሬይኪያቪክ ላይ ቼዝ የተጫወተበት ዓይነት።)

ስሕተቱ ለጠጋኝ ቀላል አይደለም። ድፍን እንጨት ማሞቂያ አጠገብ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በደረቅ ስቱኮ መድፈን አያዋጣም፤ እርጥበት ሲመለስ እንጨቱ አብጦ ስቱኮውን ይገፋዋል። መቀመጫውንም በማሽን አትሞርዱት፣ ጎድጓዳው ይጠፋል፤ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በእጅ፣ ቀስ ብሎ ነው።