ሳውንድ ማኑ የዕቃው ምርቃት አይደለም

ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ባንዱ ሳውንድ ማን፣ ማለትም ድምፅ የሚያስተካክል ሰው ሲያጣ ደግሞ ሚክሰር (ድምፆቹ የሚመጣጠኑበት ዕቃ) ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሁለቱንም ለዓመታት ስለሠራሁ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ለሠርግ ወይም ለዝግጅት ባንድ የሚፈልግ ሰው ደውሎ "ዕቃው ስንት ነው?" ይላል። ስፒከሩ ይቆጠራል፣ ማይኩ ይቆጠራል፣ ጄኔሬተሩ ይቆጠራል። ድምፁን የሚያስተካክለው ሰው ግን እንደ ምርቃት ከዕቃው ጋር አብሮ ይመጣል።

ያ ሰው ምን እንደሚሠራ በማሲንቆ ላስረዳ። ማሲንቆ በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ገላና አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው። ቆዳው ራሱ እንደ ማይክ ነው። ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ያንቀጠቅጠዋል፣ ማይኩ ያንኑ መልሶ ይወስደዋል፣ ሲዞር ሲዞር ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ይሆናል። ሥራውን የማያውቅ ሰው ፉጨቱን ለማጥፋት ማሲንቆውን ዝቅ ያደርገዋል። ያኔ ኪቦርዱና ድራሙ ይውጡታል። ባለማሲንቆው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ክሩን አጥብቆ ይገዘግዛል፣ ቅኝቱም ይበላሻል። የሚያውቀው ሰው ግን መጀመሪያ ሞኒተሩን፣ ማለትም ወደ ተጫዋቹ የዞረውን ስፒከር፣ ያዞራል። ከዚያ የሚያፏጨውን ፍሪኩዌንሲ (የድምፅ ቅጥነት ደረጃ) ብቻ ለይቶ ይቀንሳል። ኪቦርዲስቱንም "ትንሽ ቦታ ልቀቅለት" ይለዋል። ይህን ዕቃ አይሠራውም። ትዝታን ከባቲ፣ ባቲን ከአምባሰል የሚለይ ጆሮ ነው የሚሠራው።

አዳራሽም ቀን ባዶውን ሌላ ነው፣ ማታ ሌላ ነው። ቀን ያስተጋባል። ማታ ሰው ሲሞላ ገላውም ልብሱም ቀጭኑን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ ሳውንድ ቼኩ፣ ከዝግጅቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ፍተሻ፣ በመጀመሪያው ዘፈን ላይ እንደገና ይጀመራል። ያውም ሳውንድ ቼክ ከተገኘ ነው። ሠርግ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠን ዲኮር ሠሪዎቹ ሲጨርሱ የምትተርፈውን አሥር ደቂቃ ነው።

አንድ ጊዜ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ኃይሉ ከመጠን በላይ መጥቶ አምፕሊፋየሩን አቃጠለው። ጄኔሬተሩን ያመጣሁትም ያስነሳሁትም እኔ አልነበርኩም። ከክፍያ የተቆረጠው ግን ከእኔ ነው።

ስለ ጆሯችንም ማንም አያወራም። በሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች ምክር መሠረት 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል። 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። እኛ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ነን። ቤት ገብቼ ስተኛ ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ነገር አይተኛም። ወጣት ሙዚቀኞች ሆይ፣ እባካችሁ የጆሮ መሰኪያ ልመዱ።

የምንጫወትባቸው ቤቶችም ይሄዳሉ። በጥር 2007 ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል እዚያው የነበረው የጃዝ ቤት ጃዛምባ አብሮ ነደደ። በ2017 ካዛንቺስ ሲፈርስ የአዝማሪ ቤቱ ፈንድቃም ለዓመታት ያመሸንበትን ቤት ለቀቀ። አንድ ቤት ሲሄድ ሳውንድ ማኑ በስንት ሌሊት ያጠናው ነገርም አብሮ ይሄዳል። የትኛው ጥግ ቤዝ እንደሚያጎላ፣ ዘፋኙ የት ሲቆም ማይኩ እንደሚያፏጭ ያውቅ ነበር። አዲሱ ቤት ውስጥ ከሀ ይጀምራል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ባንድ ስትቀጥሩ ለሳውንድ ማኑ ለብቻው ክፈሉ። እንግዳ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰዓት ስጡን። የባንዱ አባላት ስም ሲጠራ የእሱም ይጠራ።

አብሬው የምጫወት አንድ የባንድ መሪ ይህን ያደርጋል። በቀደም ድራመሩን፣ ኪቦርዲስቱን፣ እኔን አስተዋውቆ ሲጨርስ እጁን ወደ አዳራሹ መጨረሻ ዘረጋና የሳውንድ ማኑን ስም ጠራ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ አጨበጨበ። እሱ ጎንበስ አለና ወዲያው ወደ ሚክሰሩ ተመለሰ። ማሲንቆው ሊገባ ነበር።