ጋቢ የለበሰው ላፕቶፕ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ አሞራ ገደል መግቢያ አንድ የተከበሩ ባለመኪና የፓርኪንጉን ልጅ ኮሌታ ጨምድደው «ቦርሳዬን ውለድ!» ሲሉ ነበር። በሾፌሩ በኩል ያለው መስታወት እስከ ግማሽ ወርዷል። «ሙቀት ነው፣ መኪናው እንዳይታፈን ብዬ ነው» አሉ። የሐዋሳ ሰው ይህን ትዕይንት በየሳምንቱ ስለሚያየው ዝርዝሩን መተረክ አያስፈልግም። የቀረው ምስጋና ነው። ባለመኪናው ለሌባ የሚውለው ውለታ ቀላል አይደለም፤ እስካሁን «እግዜር ይስጥልኝ» ያለው ግን የለም።

ቅድሚያ የሚሰጠው ላፕቶፑን ጋቢ ለሚያለብሰው ወገናችን ነው። ፍቅር ሐይቅ ደርሶ ያቆማል፣ ሞተር ያጠፋል፣ ይወርዳል። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ፣ ሊስትሮው፣ ቆሎ ሻጯ፣ ሦስት የባጃጅ ሾፌሮችና ሥራው ምን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ባለ ኮፍያ ወጣት እያዩት፣ ቦርሳውን በጋቢ መጠቅለል ይጀምራል። አንዱ ጥግ ይወጣበታል። የሕፃን ጃኬት ይደርብበታል። አሁን ደግሞ ቻርጀሩ ተንጠለጠለ። እሱን አስገብቶ በሩን ይዘጋና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ርቆ በመስታወት ይመለከተዋል። አልጣመውም። እንደገና ከፍቶ ጋቢውን ወደ አንገቱ ሳብ ያደርግለታል፣ ብርድ እንደያዘው በሽተኛ። ከላይ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣው ላይ የፀሐይ መነጽር፤ መነጽሩ ለምን እንደተጨመረ እሱም አያውቅም። በመጨረሻም ለጠባቂው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ወንድሜ አደራ፣ ኋላ ወንበር ላይ ዕቃ አለ!» ይላል። ባለ ኮፍያው ገና ካልገባው እንዲገባው ነው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በሐዋሳ ፀሐይ፣ ጋቢ ለብሶ የተኛ አራት ማዕዘን ነገር ማን ይጠረጥራል?

አንዳንድ ንፉጎች ግን አሉ። እነዚህ ዕቃቸውን ገና ከቤት ወይም ከሆቴል ሲነሱ ከኋላ ኮፈን ውስጥ ይከታሉ፤ ፓርኪንግ ከደረሱ በኋላ ኮፈኑን ንክች አያደርጉም። ባዶ ቦርሳ እንኳ ወንበር ላይ አይተዉም፤ ሌባ ባዶነቱን የሚያውቀው መስታወቱን ከሰበረ በኋላ ነዋ። የፊት መስታወት በሁለት ንብርብር መካከል ላስቲክ ስላለው ቢሰነጠቅም ይያያዛል። የጎኑ ግን አንዴ በደንብ ከተመታ ጥራጥሬ ሆኖ ይረግፋል። ስለዚህ የስልክ ገመድም፣ የሳንቲም ማስቀመጫም ከዓይን ያርቃሉ። እንዲህ ዓይነት ስስታም ባይኖር ከተማው ውስጥ ሥራ አጥ ሌባ አይኖርም ነበር።

ሪሞቱን ሳይዞር በትከሻው ላይ አሻግሮ የሚጫነው ባለ ግርማ ሞገስም ምስጋናው አይቅርበት። ሪሞት ሬዲዮ ነው፤ አጠገቡ በዚያው ፍሪኩዌንሲ የሚረብሽ ሌላ ማስተላለፊያ ከተጫኑበት፣ መኪናው ጌታውን አይሰማም፣ በሩም አይቆለፍም። የሪሞቱ ባትሪ ሲደክምም ያው ነው። ፍሬቻው ብልጭ ካላለ፣ የበሩ ቁልፍ ጧ ካላለ አልተቆለፈም ማለት ነው። እጀታውን ሳብ አድርጎ ማየት 3 ሰከንድ አይፈጅም። ግን ሰው እያየው የገዛ መኪናውን በር የሚጎትት ማን ነው? ክብር አለ።

«ጎማህ ተንፍሷል!» ሲባል ቁልፉን ተክሎ ዘሎ የሚወርደውስ? አንዱ የኋላ ቀኙን ጎማ እያሳየው ከንፈሩን ሲመጥለት፣ ሌላው በተከፈተው የሾፌር በር ስልኩን ያነሳለታል። ደግነት የጎደለው ሾፌር መስታወቱን ሳያወርድ ሰው ወዳለበት ማደያ ወይም ጎሚስታ ቀስ ብሎ ይነዳል። እዚያም ሲወርድ ሞተር አጥፍቶ፣ ቁልፉን ይዞ፣ አራቱንም በር ቆልፎ ነው።

(ስለ ሐይቁ ዳር ጦጣዎች ሐሜት አንወድም። በተከፈተ መስታወት ገብተው ሙዝ ይወስዳሉ እንጂ ሊብሬ አይነኩም።)

እስካሁን ቀልደናል። የፓርኪንጉ ልጅ ላይ ግን ቀልድ የለም። ለሻይ እንኳ የማትበቃ ብር ተቀብሎ በዚያ ፀሐይ ሠላሳ መኪና ያያል። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለጨምበላላ ጉዱማሌ ዙሪያ፣ ለሐምሌ 19 ገብርኤል ዙሪያ ሲታጨቅ ደግሞ ስንቱን እንደሚያይ ማንም አይቆጥርም። ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ ጥፊ፣ ቀጥሎ ጣቢያ። አንተ መስታወት ከፍተህ፣ በር ሳትቆልፍ፣ ዓሣህን በዳጣ ስታጣጥም ቆይተህ መጥተህ የድሃ ልጅ ትመታለህ? ነውር ነው! አሳዳጊ የበደለው ሰው ሥራ ነው።

ይቅርታ፣ ምስጋናው አላለቀም። ስፖኪዮ ቀርቷል። የስፖኪዮ መስታወት በአብዛኛው የሚያዘው በላስቲክ ቅንጥብ ስለሆነ ተፈልቅቆ ለመውጣት ጊዜ አይወስድም። መፍትሔው ሁለት ነው፦ የታርጋ ቁጥሩን መስታወቱ ላይ፣ ከጥጉ ገባ አድርጎ ማስቀረጽ፤ ሲያቆሙም አጥፎ በግድግዳ በኩል ማስጠጋት፣ ከመሸም መብራት ሥር። ቅርጹ መስታወት ለመሸጥ ያስቸግራል፤ ጥግ ላይ ከሆነ ግን ፍቀው ይሸጡታል። ባለመኪናችን ይህን ሲነግሩት «መኪናዬን ያስጠላብኛል» ይላል። ስፖኪዮው ሲሄድ ደግሞ አዲሱ ይወደድበትና፣ የማን እንደነበር ሳይጠይቅ በግማሽ ዋጋ ወደሚሸጠው ሰው ይሄዳል።

«ኦሪጅናል ነው፣ ከመኪና ላይ የወረደ» ይለዋል ሻጩ።

ባለመኪናችን ጥጉ ላይ የተፋቀውን ቁጥር በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ «እሺ፣ ትንሽ ቀንስ እንጂ» ይላል።